የጠራ ምስልና የሚስማማው ማጫወቻ፦ ኤችዲ ቴሌቪዥን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥቶ እስከ በሽሎ ሸለቆ በሚዘልቀው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ቴሌቪዥን ወደ ቤት የገባው በአንድ ዘመን ዕቃ ብቻ አይደለም። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ፣ በአንድ ቡፌ ላይ ከጠፍጣፋው ቴሌቪዥን አጠገብ የቆየ የቪሲዲ ማጫወቻ፣ ከእሱም በላይ የዲሽ ሪሲቨር ተቀምጦ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ ፍላሽ ተሰክቶ ማየት የተለመደ ሲሆን፣ እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት የየራሳቸው የምስል መለኪያ በነበራቸው የተለያዩ ዘመናት ነው። በካርቶኑ ላይ «ኤችዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቴሌቪዥን የገዛ ቤተሰብ ከቀድሞው ብዙም ያልተሻለ፣ አንዳንድ ጊዜም የባሰ ምስል የሚያጋጥመው ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ሳይሆን ከዕቃዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር ስለማይግባባ ነው። ይህ ዳሰሳ ኤችዲ ምን እንደሆነ፣ ምስሉ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚደርስና የትኛው ዲስክ ማጫወቻ ለዚህ አካባቢ ቤት እንደሚስማማ ይመረምራል፤ የሚደርስበትም ፍርድ ማጫወቻ የሚመረጠው በቤቱ ካሉት ዲስኮችና ከቴሌቪዥኑ መሰኪያ በመነሣት እንጂ ከማጫወቻው ዝና በመነሣት አይደለም የሚል ነው።

በቴሌቪዥን መስታወት ላይ የሚታየው ምስል የጥቃቅን ነጥቦች ድርድር ነው፤ ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። ኢትዮጵያ የተከተለችው ፓል የተባለው የቀድሞ ሥርዓት 625 መስመሮች ሲኖሩት ምስል የሚሸከሙት ግን 576 ብቻ በመሆናቸው፣ ምስሉ ወደ ዲጂታል ሲቀየር 720 ነጥብ በወርድ፣ 576 ነጥብ በቁመት፣ በድምሩ 414,720 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም መደበኛ ጥራት ወይም ኤስዲ ተብሎ ይጠራል። ኤችዲ፣ ማለትም ከፍተኛ ጥራት የሚባሉት ሁለት መጠኖች ሲሆኑ፣ አንደኛው 1280 በ720፣ ሁለተኛውና በተለምዶ ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው፤ የዚህኛው ነጥቦች 2,073,600 በመሆናቸው ከመደበኛው ጥራት አምስት እጥፍ ይደርሳሉ። ከቁጥሩ ቀጥሎ «አይ» የሚል ፊደል ካለ መስመሮቹ በሁለት ዙር፣ በመጀመሪያ ጎዶሎዎቹ ከዚያም ሙሉዎቹ ተራ በተራ እንደሚሣሉ፣ «ፒ» ካለ ደግሞ ሁሉም በአንድ ዙር እንደሚሣሉ ያመለክታል። የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው እንደ እግር ኳስ ባለ ፈጣን እንቅስቃሴ ላይ ነው። ከነጥቡ ብዛት ጋር የመስኮቱ ቅርጽም ተለውጧል፤ የቀድሞው ቴሌቪዥን ወርድ ለቁመቱ 4 ለ3 ሲሆን የኤችዲው 16 ለ9 ነው።

የነጥብ ብዛት ለዚህ አካባቢ ምን ፋይዳ እንዳለው ለማየት ከአካባቢው የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። በጋይንት የሚገኘው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው ለዘመናት የኖሩ የዜማ ትምህርት ማዕከላት ሲሆኑ፣ የሚማሩባቸውም መጻሕፍት ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን የዜማ ምልክቶች የተሞሉ ናቸው። አንድ የብራና ገጽ 30 መስመር ጽሑፍ ቢኖረውና ገጹ ከላይ እስከ ታች መስኮቱን ሞልቶ ቢቀረጽ፣ በቁመት 288 ነጥብ ብቻ ባለው ቪሲዲ ለአንድ የጽሑፍ መስመር 10 የማይሞሉ፣ በዲቪዲ 19 ገደማ፣ በፉል ኤችዲ ግን 36 የነጥብ ረድፎች ይደርሱታል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው ለምልክቱ ቢተውለት በቪሲዲ ሦስት ረድፍ፣ በፉል ኤችዲ ደግሞ 12 ረድፍ ይሆናል። በሦስት ረድፍ ላይ ርክርክ የተባለው የዜማ ምልክት ነጥቦች እርስ በርስ ተደባልቀው ጭረት ሊመስሉ ይችላሉ፤ በ12 ረድፍ ላይ ግን ተማሪው ለይቶ ያነባቸዋል። እንግዲህ ኤችዲ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለው አስተያየት ተቀባይነት የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ በምስል የሚቀመጠው ነገር ዝርዝሩ ሕይወቱ በሆነ ጊዜ የነጥቡ ብዛት ዕውቀቱ ተነባቢ ሆኖ መትረፍ አለመትረፉን ይወስናል።

የቴክኒኩ ታሪክ በአጭሩ ሲታይ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሥርጭት በጀመረበት በእ.ኤ.አ. 1964 የጃፓኑ የሥርጭት ድርጅት ኤንኤችኬ በኋላ ኤችዲ ወደሚባለው የሚያመራውን ምርምር ጀምሮ ነበር። ጃፓኖች በ1125 መስመር የሚሠራውን የአናሎግ ኤችዲ በ1980ዎቹ መጨረሻ ለሙከራ ያሠራጩ ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በእ.ኤ.አ. 1990 ያወጣው ደንብ ዛሬ ለሚሠራበት መለኪያ መሠረት ሆነ። ኢትዮጵያ ወደ ቀለም ሥርጭት የተሻገረችው በእ.ኤ.አ. 1984፣ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታ ጋር በተያያዘ ጊዜ ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ያለው ርቀት የሚያሳየው የአገሪቱ ተመልካች ከጥቁርና ነጭ እስከ ኤችዲ ያለውን መንገድ ሌሎች ከተጓዙበት ባነሰ ጊዜ እንደተጓዘና አሮጌው ሳይወገድ አዲሱ እየተደረበ እንደሄደ ነው።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ኤችዲ ምስል በዋነኛነት የሚደርሰው በዲሽ ነው። ከምድር ማሠራጫ የሚመጣ ሞገድ በተራራና በሸለቆ ይጋረዳል፤ ይህ ምድር ደግሞ በአንድ ወገን ከ4,000 ሜትር በላይ በሚደርሰው ጉና፣ በሌላ ወገን በበሽሎና በዓባይ ገደሎች የተከበበ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቻናሎች ኢትዮሳት በተባለው መድረክ ሥር በምሥራቅ 57 ዲግሪ ወደምትገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ሲሰባሰቡ፣ በምዕራብ 7 ዲግሪ ወደሚገኘው ናይልሳት ያነጣጠሩ ዲሾች ሁሉ መዞር ነበረባቸው። ከነፋስ መውጫ አካባቢ ሲሰላ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ከአድማስ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ የኢትዮሳቱ ሳተላይት ግን በደቡብ ምሥራቅ አቅጣጫ ወደ 64 ዲግሪ ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት ለሸለቆ መንደሮች ትልቅ ነገር ነው፤ የባሕር ዛፍ አጥር ወይም የጎረቤት ጣሪያ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ሞገድ ሲጋርድ፣ ከአናት በላይ የሚወርደውን ግን እምብዛም አያግደውም። በአንጻሩ የጉና ነፋስ ዲሹን በትንሹም ቢሆን ካነቃነቀው ሲግናሉ ይወርዳል፤ ዲጂታል ምስል ደግሞ እንደ አናሎጉ ቀስ በቀስ ስለማይደበዝዝ፣ በመጀመሪያ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበጣጠሳል፣ ከዚያም ጨርሶ ይጠፋል።

ዲሹ በትክክል ቢያነጣጥርም ሪሲቨሩ ኤችዲ የማይቀበል ከሆነ ልፋቱ ከንቱ ነው። ምስሉን በአየር ላይ ለማጓጓዝ ማመቅ፣ ማለትም መጠኑን መቀነስ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የተሠሩት ሪሲቨሮች የሚፈቱት ኤምፔግ 2 የተባለውን የማመቂያ ዘዴ ብቻ ሲሆን፣ ኤችዲ ቻናሎች ግን በኤምፔግ 4 ታምቀው ዲቪቢ ኤስ 2 በሚባለው የሁለተኛው ትውልድ የሳተላይት ሥርጭት ይጓዛሉ። አሮጌው ሪሲቨር የኤስ 2 ሞገድን ጨርሶ አያገኘውም፤ ሞገዱ የቀድሞው ዓይነት ሆኖ ምስሉ ብቻ በኤምፔግ 4 የታመቀ ከሆነ ደግሞ ድምፁ እየተሰማ መስታወቱ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ዲሹን ደጋግሞ የሚያስተካክል ሰው መኖሩ የሚያሳዝን ነው፤ ጉድለቱ ያለው ከጣሪያው ላይ ሳይሆን ከቡፌው ላይ ነውና። በሪሲቨሩ አካል ወይም ካርቶን ላይ ኤችዲ፣ ኤስ 2 እና ኤምፔግ 4 ወይም ኤች 264 የሚሉት ሦስቱም መኖራቸውን ማረጋገጥ ከማናቸውም ወጪ መቅደም አለበት።

ከሪሲቨሩ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ የቴሌቪዥኑ ስፋት ነው፤ እዚህ ላይ ሻጮች ከሚሉት ይልቅ የዓይን አቅም መደመጥ አለበት። ጤናማ ዓይን በሦስት ሜትር ርቀት ለይቶ የሚያያቸው ሁለት ነጥቦች ቢያንስ 0.87 ሚሊ ሜትር ያህል ሊራራቁ ይገባል። ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን 71 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ስላለው የኤስዲ ምስል አንድ ነጥብ በላዩ 0.98 ሚሊ ሜትር፣ የ720ው 0.55፣ የ1080ው ደግሞ 0.37 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ በአንድ ተራ ሳሎን፣ ከግድግዳ እስከ ሶፋ ሦስት ሜትር በሚሆንበት ቤት፣ ከኤስዲ ወደ 720 የሚደረገው ሽግግር ለዓይን ይታወቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በዚህ ስፋትና ርቀት ላይ ከንቱ ነው። ባለ 43 ኢንቹም ቢሆን በዚሁ ርቀት ከ720 በላይ የሚሰጠው ጥቅም ለተመልካች እምብዛም አይሰማም። ባለ 8,294,400 ነጥቡ 4ኬ ቴሌቪዥን ለትልቅ መስታወትና ለቅርብ መቀመጫ የተሠራ በመሆኑ፣ ገንዘቡን ለእሱ ከማዋል ይልቅ ለጥሩ ሪሲቨር፣ ለጥሩ ገመድና ለስታቢላይዘር ማዋል የተሻለ ነው። በአውሮፓ በእ.ኤ.አ. 2005 የወጣው «ኤችዲ ሬዲ» የተባለው ምልክት ቢያንስ 720 የመስታወት መስመሮችን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ያለ ምልክቱ የሚጻፈው «ኤችዲ» የሚል ቃል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ወደ ዲስኩ ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ ምክንያቱም መልካቸው የሚመሳሰል፣ ሁሉም 12 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ውስጣቸው ግን እጅግ የሚለያይ ሦስት ዲስኮች በገበያ ላይ አሉ። በኢትዮጵያ የአማርኛ ፊልም፣ የዘፈን ክሊፕ፣ መንፈሳዊ መዝሙርና የሠርግ ቀረጻ ለረጅም ጊዜ የተሠራጨው በቪሲዲ ሲሆን፣ ይህ በእ.ኤ.አ. 1993 የወጣ ዲስክ በተራ ሲዲ ላይ 352 በ288 ነጥብ ያለውን ምስል ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይይዛል፤ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ተከፍሎ ይሸጥ የነበረውም ስለዚሁ ነው። በእ.ኤ.አ. 1996 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ዲቪዲ በአንድ ንጣፍ 4.7 ጊጋባይት፣ በእ.ኤ.አ. 2006 የመጣው ብሉሬይ ደግሞ 25 ጊጋባይት ይይዛል። ልዩነቱ የሚመጣው ዲስኩን ከሚያነበው የሌዘር ጨረር ነው፤ የሲዲው 780፣ የዲቪዲው 650፣ የብሉሬዩ 405 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ ጨረሩ በጠበበ ቁጥር ይበልጥ የተጠጋጋ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ከሦስቱ ኤችዲ ፊልም እንዲይዝ ታስቦ የተሠራው ብሉሬይ ብቻ ነው። ከእሱ ጋር የተፎካከረው የቶሺባው ኤችዲ ዲቪዲ በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 2008 ከገበያ ስለወጣ፣ ስሙ ከዲቪዲ ጋር ተመሳስሎ የሚያሳስተው ይህ ማጫወቻ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ቦታ ቢገኝ እንኳ ሊገዛ አይገባም።

ከዚህ የሚነሣው የተለመደ ድምዳሜ «ኤችዲ ቴሌቪዥን ያለው ብሉሬይ ማጫወቻ ይግዛ» የሚል ቢሆንም፣ ለጋይንትና ለስማዳ ቤት ይህ ምክር አይሠራም። በብሉሬይ ታትሞ የሚሸጥ የአማርኛ ፊልም የተለመደ አይደለም፤ በየቤቱ በከረጢት ተከማችቶ የሚገኘው ቪሲዲና ዲቪዲ ነው። ብሉሬይ ማጫወቻዎች ዲቪዲን በአብዛኛው ቢያነቡም ሁሉም ቪሲዲን አይቀበሉም፤ በቤት ውስጥ የተቃጠለ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተቀረጸ ዲስክ ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይከፋል። በኮምፒውተር የሚቃጠል ሲዲ መረጃውን የሚይዘው ለ780 ናኖ ሜትሩ ጨረር በተዘጋጀ ቀለም በመሆኑ፣ ይህ ጨረር የሌለው ማጫወቻ ዲስኩን ባዶ አድርጎ ያየዋል። የሠርግ ቪሲዲ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ዓይነት ነው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ማጫወቻውን ለመፈተን ሻጩ በሚያቀርበው አዲስ ዲስክ መተማመን አይበቃም፤ ገዢው ከቤቱ አንድ የተቃጠለ ቪሲዲና አንድ ዲቪዲ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።

የሚስማማው ማጫወቻ እንግዲህ ቪሲዲን፣ የተቃጠለ ሲዲን፣ ዲቪዲንና ፍላሽን የሚያነብ፣ ከኋላው ደግሞ ኤችዲኤምአይ መሰኪያ ያለው ዲቪዲ ማጫወቻ ነው። በእ.ኤ.አ. 2002 የተደነገገው ኤችዲኤምአይ ምስልንና ድምፅን በዲጂታል መልኩ በአንድ ገመድ የሚያሻግር ሲሆን፣ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ኤቪ ገመድ ግን ምስሉን በቢጫው በኩል በአናሎግ ብቻ ስለሚያሳልፍ ከኤስዲ በላይ ሊሸከም አይችልም። ኤችዲ ሪሲቨር ገዝቶ በቢጫው ገመድ ማያያዝ እጅግ የተስፋፋ ስሕተት ነው፤ በዚህ አሠራር ከሳተላይት ሙሉ ሆኖ የደረሰው ኤችዲ ምስል በመጨረሻዋ አንድ ሜትር ላይ ወደ ኤስዲ ይወርዳል። ማጫወቻው በኤችዲኤምአይ ሲያያዝ የዲቪዲውን 576 መስመር ወደ 1080 አስፍቶ ሊልክ ይችላል፤ ይህ ማስፋት ጠርዞችን ያለሰልሳል እንጂ በዲስኩ ላይ ያልተቀረጸ ዝርዝር አይፈጥርም። የቪሲዲ ምስል በጠፍጣፋው ቴሌቪዥን ላይ ከቀድሞው የባሰ መስሎ የሚታየውም 101,376 ነጥቦቹ በሰፊው መስታወት ላይ ስለሚለጠጡ ነው። በዚህ ላይ 4 ለ3 የተቀረጸው ምስል መስኮቱን እንዲሞላ ከተተወ ወርዱ በሲሶ ስለሚጨምር፣ የሙሽራዋ ፊት ይሰፋል፣ ቁመቷም ያጠረ ይመስላል፤ በሪሞቱ የምስሉን ቅርጽ ወደ 4 ለ3 መመለስ ግራና ቀኙን ጥቁር ቢያደርገውም ሰውን በመልኩ ያሳያል።

ከውጭ አገር በዘመድ የሚላኩ ዕቃዎችና ዲስኮች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። የፊልም ዲቪዲዎች በዓለም ክልሎች የተቆለፉ ሲሆን ኢትዮጵያ የምትገኘው በክልል 5፣ አሜሪካ ደግሞ በክልል 1 ነው፤ በብሉሬይ ኢትዮጵያ በ«ቢ»፣ አሜሪካ በ«ኤ» ይመደባሉ። ከዚህ የተለየው ሁለተኛው ልዩነት የሥርዓቱ ነው፤ በአሜሪካ የተቀረጸ የሠርግ ወይም የክርስትና ዲቪዲ የክልል ቁልፍ ባይኖረውም ኤንቲኤስሲ በተባለው ሥርዓት፣ በ480 መስመርና በሴኮንድ 60 የምስል ዙር የተዘጋጀ በመሆኑ በአሮጌው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙን ያጣል ወይም ይንከባለላል። ከአሜሪካ የመጣ ቴሌቪዥን በበኩሉ የአገራችን ሪሲቨሮች የሚልኩትን የ50 ዙር ምስል ላይቀበል ስለሚችል የሪሲቨሩን ምርጫ ወደ 60 መቀየር ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ከኋላ ያለው የኃይል ጽሑፍ ይነበብ፤ «100–240» የሚል ካለ ዕቃው ያለ ሥጋት ይሰካል፣ «120» ብቻ ካለ ግን በ220 ቮልት ላይ በቅጽበት ይቃጠላል።

ዲስክ ዘመኑ አልፎበታል የሚለው ክርክር በአዲስ አበባ የሚያስኬድ ቢሆንም በዚህ አካባቢ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ሲታሰብ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ያለ ኔትወርክ የሚታይ ምስል ዋጋው ግልጽ ይሆናል። ሆኖም የተቃጠለ ሲዲ ዘላቂ አይደለም፤ ቀለሙ በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ይበላሻል፣ የሚያንጸባርቀው ንጣፍም ጽሑፍ በሚጻፍበት በላይኛው ገጽ በኩል በስስ ቅብ ብቻ የተሸፈነ ስለሆነ ከታችኛው ይልቅ በላይኛው ወገን የሚደርስ ጭረት የበለጠ ይጎዳዋል። ዲቪዲ ንጣፉ በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለሚገኝ ከላይ ለሚደርስ ጭረት ያን ያህል አይጋለጥም።

ስለዚህ ማጫወቻ የመግዛት ጥያቄ ከመገልበጥ ሥራ ጋር አብሮ ሊታይ ይገባል። የቪሲዲ ምስል የሚገኘው በዲስኩ ውስጥ «ኤምፔግ ኤቪ» በሚባለው ፎልደር ሲሆን፣ በዚያ ያለውን በ«ዳት» የሚያበቃ ፋይል በኮምፒውተር ወደ ፍላሽ መገልበጥና የስሙን መጨረሻ ወደ «ኤምፒጂ» መቀየር ብዙ ቴሌቪዥኖችና ማጫወቻዎች ያለ ዲስክ እንዲያጫውቱት ያስችላል። ዲስኩ ከመገልበጡ በፊት በለስላሳና ንጹሕ ጨርቅ ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ ተደርጎ ይጠረግ፤ ዙሪያውን እያሽከረከሩ መጥረግ የሚፈጥረው ጭረት የመረጃውን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ጉዳቱ ይብሳል። ኮምፒውተሩ መንገድ ላይ የሚያቆምበት ዲስክ ሲያጋጥም በሌላ ማንበቢያ መሞከር ይገባል፤ አንዱ ሌዘር የሳተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነውና። ቅጂውም ፍላሽ ራሱ ስለሚበላሽ ቢያንስ በሁለት ቦታ፣ አንዱ በባለቤቱ ቤት ሌላው በዘመድ ዘንድ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የቤተልሔምን ወይም የዙር አምባን ዜማ የያዙ፣ መምህራኑ ዛሬ በሕይወት የሌሉባቸው ቀረጻዎች ደግሞ ከሠርጉ ሁሉ ቀድመው ተራ ሊሰጣቸው ይገባል።